የመኝታ መኪናን ከግቢ መብራት ማገናኘት፦ ለጎጃም መንገደኛ የአማራጮች ንጽጽር

በአውሮፓ የካምፕ ሥፍራዎች መኪናው ከሚቆምበት ቦታ አጠገብ ዝናብ የማያስገባ ሳጥን ተተክሎ፣ በውስጡ ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ሶኬትና የራሱ ብሬከር እንግዳውን ይጠብቃል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ግን ሚኒባሱን ወይም አይሱዙውን አልጋ፣ ፍሪጅና መብራት አስገጥሞ የሚጓዝ ሰው፣ አስጎብኚም ይሁን የእርሻ ተመራማሪ ወይም በየወረዳው የሚዞር የጤና ባለሙያ፣ የሚያድረው በእንግዳ ማረፊያ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በዘመድ ግቢ ነው። መብራት የሚያገኘውም በመስኮት ከወጣ ማከፋፈያ፣ ከዘበኛ ቤት ግድግዳ ወይም ከሱቅ ጀርባ ካለ ሶኬት ነው። ስለዚህ ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ የሚሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ የሚነሣው እዚህ ከሌለ ነገር ነው።

ለእንዲህ ያለ መንገደኛ አራት አማራጮች አሉት። መላውን መኪና በግቢው መስመር ላይ ማኖር፣ ከግቢው መስመር ባትሪ ብቻ እየሞሉ ከባትሪው መኖር፣ ጀነሬተር መያዝ፣ ወይም በሶላር መተማመን። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥና ምክንያቱን ልከተል፦ በጎጃም ከተሞች ለሚያድር ሰው ሁለተኛው ከሁሉም ይሻላል፤ ሶላር ደግሞ ጥሩ ረዳቱ ነው። ጀነሬተር የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያው፣ ማለትም ምድጃውንም ፍሪጁንም ማፍያውንም ከሰው ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው ቢሆንም እኔ የምመክረው መስመሩን በመሣሪያ ፈትሾ ላረጋገጠ ሰው ብቻ ነው።

መላው መኪና ወይስ ባትሪው ብቻ?

ልዩነቱ በአምፔር ሲታይ ወለል ብሎ ይታያል። 2000 ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪን በ30 አምፔር የሚሞላ ቻርጀር ግን ከግድግዳው የሚስበው 480 ዋት ገደማ፣ ማለትም 2.2 አምፔር አካባቢ ነው። ልቅ በሆነ የሶኬት ምላስ ወይም በላላ ብሎን ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በአምፔሩ ስኩዌር ነው፤ ስለዚህ ያው ያረጀ ሶኬት ማፍያ ሲሰካበት ቻርጀር ከተሰካበት ጊዜ ይልቅ ከ16 እጥፍ በላይ ይግላል። ሶኬቱ የሰው ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ገመድ ማንም አያየውም፤ በእጃችን ያለው የምንስበውን መጠን መቀነስ ብቻ ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ወደ 1280 ዋት ሰዓት ኃይል ያከማቻል፤ ባዶ ከሆነ በዚያው ቻርጀር ከአራት ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ይሞላል። ይህም ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለላፕቶፕና በ12 ቮልት ለሚሠራ አነስተኛ ፍሪጅ አንድ ሌሊትና ከዚያም በላይ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የቮልቴጁ መዋዠቅ ነው። የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ትልቅ ጣቢያ በጎረቤት መኖሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለውን ቀጭን ገመድ አያወፍረውም። ደብረ ማርቆስ ካደርኩባቸው ግቢዎች በአንዱ ማለዳ መልቲሜትሩ 214 ቮልት ሲያሳይ ቆይቶ በድንገት 176 ላይ ወረደ። ጓዳው በር ላይ ሄጄ «እማማ፣ ምጣድ ጥደው ነው?» ብል፣ «አዎ ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፣ ምነው አጠፋሁብህ?» አሉኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3500 ዋት፣ ማለትም 16 አምፔር ያህል ይስባል። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም፤ ምጣዱም የእኔ መኪናም በአንድ ቀጭን መስመር ላይ መዋላቸው ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ፍሪጅ በ176 ቮልት መነሣት አቅቶት እያጉረመረመ ሞተሩን ያግላል፤ ጥሩ ቻርጀር ግን ይህን ያህል ዝቅታ ይሸከማል። ቻርጀር ሲገዙ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ከሆነ ለእኛ መንገድ የተሠራ ያህል ነው።

ከዝቅታው ይልቅ የሚያስፈራው ከፍታው ነው። በሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) በሚከፋፈል ሠፈር የጋራው ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ከምሰሶው ላይ ቢበጠስ ወይም ቢላላ፣ በአንዳንዱ ቤት ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም አማራጮች ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ግዴታ ነው፤ ከ250 ሲያልፍ፣ በ220 ብቻ የሚሠራ ዕቃ ላለውም ከ185 አካባቢ ሲወርድ የሚቆርጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ የሚለቅ ይምረጡ። ብዙዎች ስታቢላይዘር ይሻላል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስታቢላይዘር የጎደለውን ቮልት የሚተካው ከግድግዳው ተጨማሪ አምፔር በመሳብ ነው፤ መስመሩ የወረደው ከመጠን በላይ ተጭኖበት ከሆነ ደግሞ ይህ በድካሙ ላይ ድካም ይጨምርበታል። በዚያ ላይ ክብደቱ ለመኪና አይመችም። በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ የመድኃኒት ወይም የክትባት ፍሪጅ የጫነ ሰው ግን ከፕሮቴክተሩ በተጨማሪ ቢይዘው አልከራከርም።

እዚህ ላይ አንድ የማያልፈኝ ነገር ላንሣ። ቻርጀሩን ከመኪናው ውስጥ ካለው የኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ሶኬት ላይ ሰክተው «ባትሪዬ እየሞላ አይሞላም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ባትሪው ራሱን ሊሞላ እየሞከረ መንገድ ላይ የቀረውንም ያቃጥላል። የቻርጀሩ መስመር ከውጭ መግቢያው ብቻ እንዲመጣ አድርገው ለብቻው ያዘርጉት። የኢንቨርተሩ መውጫና የውጭው መስመር አንድ ሶኬት ላይ የግድ መድረስ ካለባቸውም በመካከላቸው አንዱን ሳያቋርጥ ሌላውን የማያገናኝ ቼንጅ ኦቨር መኖር አለበት።

ኧርዝ፦ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ጉዳይ

መኪና በጎማ ላይ የቆመ የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ፣ ጎማው ከመሬት ስለሚለየው ኤሌክትሪኩ መውጫ ሳያገኝ በቆርቆሮው ላይ ይቆያል፤ መውጫ የሚሆነው በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚይዘው ሰው ነው። ይህ እንዳይሆን ነው የመኪናው አካል በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በኩል ከግቢው ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር ጋር የሚገናኘው። ችግሩ የግቢው ኧርዝ ብዙ ጊዜ በስም እንጂ በግብር የሌለ መሆኑ ነው።

አንድ ክረምት፣ ስሙን በማልጠቅሰው የእንግዳ ማረፊያ ግቢ፣ ዝናቡ እንዳባራ በባዶ እግሬ ወርጄ ስመለስ የበሩን እጀታ ስይዝ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። መኪናዬ ውስጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ) ነበረኝ፤ አልወረደም። ስፒናውን ነቅዬ፣ የግቢው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው አጥፍቶ ሶኬቱን በካቻቢቴ ሲፈታው ምክንያቱ ታየ። ከግድግዳው የመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የቀድሞው ሠራተኛ ሶኬቱ ኧርዝ ያለው ለማስመሰል ከኒውትራሉ ብሎን ወደ ኧርዙ ብሎን ጣት የምታህል ሽቦ አሻግሮ አስሯል። በዚያ ቀን ኒውትራሉ ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ላልቶ ስለነበር፣ ቻርጀሩን አልፎ የመጣው ፌዝ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል ተመልሶ በመኪናዬ ቆርቆሮ ላይ ተሰራጨ። ብሬከሩ ያልወረደው ደግሞ ተበላሽቶ አይደለም። እርሱ የሚያነጻጽረው በፌዝ የገባውንና በኒውትራል የወጣውን ነው፤ ከውጭ በኧርዝ ሽቦ የሚገባውን አያይም፣ አይቆርጥምም።

ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ግቢ ስሰካ የምለካቸው አራት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱ ከመሰካቴ በፊት ናቸው። በፌዝና በኒውትራል መካከል ከ200 እስከ 240 ቮልት ሊታይ ይገባል። በፌዝና በኧርዝ መካከልም ያንኑ የሚጠጋ መሆን አለበት፤ 60 ወይም 110 እያለ የሚዋልል ከሆነ ኧርዙ ከምንም ጋር አልተገናኘም። በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ጭነት ባለበት ሰዓት አንድ ሁለት ቮልት መታየቱ ጤናማ ነው፤ ምጣዱ እየሠራ እንኳ ፍጹም ዜሮ ሆኖ ከቀረ፣ ከላይ እንደነገርኳችሁ የተሻገረ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በሌላ ሶኬት እሞክራለሁ። አራተኛው ከተሰካ በኋላ የሚደረግ ሲሆን ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ አንድ ረጅም ሚስማር እርጥብ መሬት ውስጥ መትቶ፣ የመልቲሜትሩን አንዱን እግር ከሚስማሩ፣ ሌላውን ቀለም ከተላጠ የመኪናው ብሎን ጋር ማስነካት ነው። እስኪለኩ ድረስ ጫማ ያድርጉ፣ ቆርቆሮውንም በእጅዎ አይንኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ስፒናውን መንቀል ነው። ባለ መብራቱ ቴስተር ካቻቢቴ ፌዝን ያሳያል እንጂ ስለ ኧርዝ ምንም አይናገርም፤ በእርሱ ብቻ «ፈትሻለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። መልቲሜትር ይዞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ይህን በኤሌክትሪሺያን ያስደርግ።

ኧርዝ ጨርሶ ከሌለስ? ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የራስን የኧርዝ ብረት መያዝ ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን በመዳብ የተለበጠ ብረት ወይም ጋልቫናይዝድ ቧንቧ መሬት ውስጥ ተመትቶ፣ በ6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ከሶኬቱ የሚመጣው የኧርዝ ሽቦ ደግሞ እንዳይገናኝ ይደረጋል። ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ካለ፣ ብረቱ በጣም ጥሩ መሆን አይጠበቅበትም፤ የአካሉን ቮልቴጅ ከ50 በታች ለማቆየት እስከ 1600 ኦም የሚደርስ የመሬት ተቃውሞ እንኳ ይፈቀዳል። በክረምት የጎጃም ቀይ አፈር ይህን በቀላሉ ያሟላል፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን መሬቱ ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ ብረቱ ሥር አንድ ጀሪካን ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምርጫ አለመሰካትና በባትሪው ማደር ነው፤ የባትሪው መንገድ የሚበልጥበት ሌላው ምክንያትም ይህ ነው፣ እምቢ ለማለት አቅም ይሰጣል። ብሬከሩን ብቻ ተማምኖ ያለ ኧርዝ መሰካት ግን ብሬከሩ የሚወርደው ሰው ከተነዘረ በኋላ እንዲሆን መፍቀድ ነው።

ኧርዝ ሊኬጁ የት ይቀመጥ የሚለውም ምርጫ ነው። በመኪናው ውስጥ ካለው በተጨማሪ፣ ከግድግዳው አጠገብ በገመዱ ጫፍ ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ዓይነት ቢኖር፣ በግቢው ላይ የተዘረጋው ገመድ ራሱም ይጠበቃል። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው በግድግዳው በኩል ያለውን ይምረጥ።

ገመዱ

በገበያ የሚገኘውን የዲቫይደር ቀጭን ገመድ በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የጎማ ገመድ መለወጥ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። 25 ሜትር ርዝመት ባለው የመዳብ ገመድ 10 አምፔር ሲያልፍ፣ በ0.75 ገመድ 12 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ቀርቶ 117 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ በ1.5 ወደ 6 ቮልት፣ በ2.5 ደግሞ 3.5 ቮልት ብቻ ይጠፋል። ባትሪ ብቻ ለሚሞላ ሰው 1.5 ይበቃዋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ዘመድ መጥቶ ማፍያ መሰካቱ ስለማይቀር 2.5 ይሁን። 4 ስኩዌር የሚያስፈልገው ከ40 ሜትር በላይ ለሚዘረጋ ወይም መላውን መኪና ለሚያንቀሳቅስ ብቻ ነው። «ንጹህ መዳብ» ተብሎ የሚሸጥ ገመድ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን ክር በቢላ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ነጭ ከወጣ ይመልሱት። ከፕላስቲኩ ይልቅ ጎማ የምለው ደግሞ በጮቄ ተራራ ሥር ሌሊቱ ሲበርድ ፕላስቲኩ እንደ ሸምበቆ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ነው።

ገመዱን በመጠቅለያው ላይ እንደተጠቀለለ መጠቀም ክፉ ልማድ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይቀልጣል። ሦስት ሜትር ብቻ ቢያስፈልግ እንኳ ሁሉንም ፈትቶ መኪናው ሥር በሰፊው መበተን ነው። ግቢው ከብት የሚገባበት ከሆነ ገመዱ በአጥር ጥግ ይለፍ፤ ፍየል ምን እንደምታኝክ አትመርጥም። መጋጠሚያውም መሬት ላይ አይተኛ፤ ውሃ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሶኬት እንዳይገባ ከመግቢያው በታች ትንሽ እንዲረግብ ይተውት።

ስለ ስፒናው፣ የቤቱ ባለ ሁለት እግር ስፒና 16 አምፔር ቢጻፍበትም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ከ10 በላይ ባይጭኑበት ይመረጣል። ሰማያዊው ባለ ሦስት እግር ይሻላል፣ ለመኪናው መግቢያም እርሱን ያስገጥሙ፤ ከግድግዳው በኩል ግን የቤቱን ስፒና የያዘ አጭር ማገናኛ መያዝ ግድ ነው። በወፍጮ ቤትና በብየዳ ቤት የሚታየው ቀዩ ባለ አምስት እግር ሶኬት የ380 ቮልት ስለሆነ፣ ለመኪና ተብሎ ማገናኛ አይሠራለትም። የብየዳ ቤቱን ነጠላ ፌዝም ቢሆን ብየዳው ቆሞ ካልሆነ አልመክርም።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቀዋል። መኪናው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ ነው፤ ስፒናውን ብቻ ለውጦ ከ220 ላይ መሰካት በቅጽበት ብዙ ዕቃ ያቃጥላል። ከ3600 ቮልት አምፔር በላይ የሚሸከም ከባድ ትራንስፎርመር ከመግዛት ይልቅ፣ ለሁለቱም ቮልቴጅ የተሠራ ቻርጀር አስገጥሞ የቀረውን ከኢንቨርተሩ ማንቀሳቀስ ይረክሳልም ይቀላልም።

ጀነሬተርና ሶላር

ጀነሬተር በከፍታ ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ በላይ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ 2400 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ማርቆስ 2000 ዋት የተባለው ከ1500 ብዙም አያልፍም፤ ባሕር ዳር ትንሽ ይሻለዋል። ድምፁ፣ ቤንዚን ፍለጋውና በመኪና ውስጥ ነዳጅ ተሸክሞ መተኛቱ ሲጨመርበት ለእኔ አያዋጣም። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ከመኪናው ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ነፋሱ ወደ መስኮት በማያመጣበት በኩል ይቀመጥ። (በመኪና ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትም ያው መርዝ ነው፤ ጀበናው ውጭ ይጣድ።) በሁለቱም ጫፉ ስፒና ባለው ገመድ ጀነሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት አገናኝቶ ግቢውን በሙሉ ማብራት ደግሞ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ሶላር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት የሚያስመሰግን ነው። ባለ 200 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን 700 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ከግድግዳ ጋር ሳይገናኙ ለመኖር ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን እንጅባራ ላይ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን ሳይገለጥ ሲቀር ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነትና በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ያቆመ ሰውም የፓነሉ ጥግ ብቻ ሲጋረድ አብዛኛውን ያጣል። ስለዚህ በክረምት የግድግዳውን መስመር አይተካም።

አሰካክና እንክብካቤ

ሲሰኩ የመኪናው ዋና ብሬከር ይጥፋ፤ ገመዱ መጀመሪያ ከመኪናው፣ ከዚያ ከግድግዳው ይሰካ፣ ብሬከሩ በመጨረሻ ይነሣ። ሲነቅሉ ብሬከሩ ይውረድና ግድግዳው ይቅደም። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ከሆነ ፌዝ ያለበት የገመድ ጫፍ በእጅ ተይዞ ይቀራል። ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጅ ጀርባ ይዳስሱ፤ ለብ ማለት ይፈቀዳል፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ወዲያው ይነቀላል። ደመናው ከጣና በላይ ሲጠቁርና ነጎድጓዱ ገና በሩቅ ሲሰማ ይንቀሉ፤ መብረቁ ግቢው ላይ ሲደርስ ስፒና መንካት ሌላ አደጋ ነው።

የኧርዝ ሊኬጁን መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ነው፤ ሲጫን ካልወረደ በሌላ ይተካ። ጉዞው በኮረኮንች ላይ ስለሆነ የመግቢያው ብሎኖችና ሞርሴቶዎች (የሽቦ ማሰሪያዎች) ይላላሉ፤ በየሦስት ወሩ ከግድግዳውም ከባትሪውም አቋርጦ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የመግቢያው ምላሶች ከጠቆሩ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ጊዜያዊ ነው፤ አንዴ የጋለ ምላስ ልጥጥነቱን ስለሚያጣ እንደገና ይግላል፣ መግቢያውም ስፒናውም አብረው ይለወጡ። የተቆረጠን ገመድ በናስትሮ ጠቅልሎ በክረምት ሣር ላይ መዘርጋት አይገባም፤ ከተቆረጠበት ላይ አሳጥሮ አዲስ ስፒና ማስገጠም ይሻላል። የመግቢያው ክዳን ስፕሪንግ ከደከመ ደግሞ አቧራው ከውሃው ቀድሞ ይገባል፤ እኔ በየጉዞው መጨረሻ ክዳኑን ከፍቼ በደረቅ የቀለም ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ባለፈው ጥር ከቢቸና መልስ ስከፍተው ተርብ ጭቃ ቤቷን በኧርዙ እግር ላይ ሠርታ አገኘኋት፤ ጭቃው ሳይጠረግ ቢሰካ ሁለቱ እግሮች ተገናኝተው መብራቱ ይበራ፣ ሳይገናኝ የሚቀረው ሦስተኛው ብቻ ይሆን ነበር።